ወይዘሮ ዙፋን ሳህሌና የቀይ ካርዱ ዘመን

ወይዘሮ ዙፋን ሳህሌ በሠላሳ ስምንት ዓመት የመንግሥት ሥራ አንዲት ቅጠል ወረቀት እንኳ ከእጃቸው ጠፍታ አታውቅም። በአቃቂ በኩል መታወቂያ ያወጣ፣ ልጅ ያስመዘገበ፣ ቤት የተከራከረ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። የማያውቅ ቢኖር ደግሞ ራሳቸው ይነግሩታል፤ ሳይጠየቁም ይነግሩታል።

ወይዘሮ ዙፋን ከአባታቸው ከአቶ ሳህሌ ደጀኔና ከእናታቸው ከወይዘሮ መሰለች ገብሬ ጥቅምት 7 ቀን 1946 ዓ.ም. አቃቂ በሰቃ ተወለዱ። አባታቸው የምድር ባቡር ሠራተኛ ስለነበሩ ቤታቸው ከሐዲዱ ብዙ አይርቅም። አቶ ሳህሌ ባቡሩ የዘገየበትን ደቂቃ ሁሉ በደብተር ይጽፉ ነበር። ማንም አላዘዛቸውም፤ ደብተሩንም ማንም ጠይቋቸው አያውቅም። ወይዘሮ ዙፋን የመመዝገብ አመል ያመጡት ከእርሳቸው እንደሆነ ቤተሰቡ በሙሉ ይስማማል።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በአካባቢያቸው በነበረው ትምህርት ቤት እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። አባታቸው ሲያርፉ ትምህርቱን ትተው በአንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሰዓት ተቆጣጣሪ ሆነው ገቡ። እየሠሩም በማታው ክፍለ ጊዜ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ዘለቁ። በ1968 ዓ.ም. ቀበሌው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ሲፈልግ የሁሉም አመልካች የእጅ ጽሑፍ ጠረጴዛ ላይ ተደርድሮ ታየ፤ የወይዘሮ ዙፋን ከሩቅ ይነበብ ነበርና ሌላ ፈተና ሳያስፈልግ ተቀጠሩ።

ከባለቤታቸው ከአቶ ወንድዬ ታፈሰ ጋር የተዋወቁትም በዚያው በመዝገብ ቤቱ መስኮት ነው። አቶ ወንድዬ በአንድ ብረታ ብረት ፋብሪካ የቶርኖ ሠራተኛ ነበሩ። በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ «መታወቂያ ጠፋብኝ» ብለው መጡ። በሦስተኛው ወይዘሮ ዙፋን ቀና ብለው «አቶ ወንድዬ፣ ከዚህ በኋላ መታወቂያ አይሰጥዎትም። የሚፈልጉት ሌላ ነገር ከሆነ ቤተሰቦቼ ዘንድ ሽማግሌ ይላኩ» አሏቸው። በ1970 ዓ.ም. በሥርዓተ ተክሊል ተጋቡ። በላይነሽና አቢ የተባሉ ሁለት ልጆችም አፈሩ። ሦስቱ መታወቂያዎች በኋላ አንድ ኮት ኪስ ውስጥ ተገኝተዋል።

ግንቦት 1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ሰው የቀበሌውን ወንበርና ጠረጴዛ እየተሸከመ ይሄድ ነበር። ወይዘሮ ዙፋን የመዝገብ ቤቱ በር ላይ ቆሙ። «ወንበሩን ውሰዱት፤ ወንበር ይገዛል። እዚህ ውስጥ ያለው ግን የእናንተው ስም ነው» አሉ። በዚያ ሳምንት ከቀበሌው አምፖል እንኳ አልቀረም፤ መዝገብ ቤቱን ግን የነካው የለም። አዲሶቹ አስተዳዳሪዎች ሲደርሱ ያገኙት ባዶ ቢሮ፣ የሞላ መዝገብ ቤትና ቁልፍ የያዙ አንዲት ሴት ነው። ቁልፉንም ያስረከቡት በፊርማ ነው።

ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት ዓለም ወደ አቃቂ የገባባቸው ናቸው። የውጭ ባለሀብት ፋብሪካ ለመትከል ቦታ ይጠይቃል፤ የእኛ ልጆች ደግሞ ወደ ውጭ ለመሄድ የልደት ካርድ ይጠይቃሉ። ሁለቱም የሚመጡት ወደ አንዱ መስኮት ነው። ልጃቸው በላይነሽ በ1996 ዓ.ም. ቤይሩት ስትሄድ የልደት ካርዷን የጻፉላት እናቷ ናቸው። በዚያ ዓመት ስንት ልጃገረድ በዚያ መስኮት እንዳለፈች ወይዘሮ ዙፋን ቁጥሩን ያውቁት ነበር፤ ግን አይናገሩትም። በላይነሽ የሁለት ዓመት ልጇን ሥርጉትን ትታላቸው ስለሄደች ወይዘሮ ዙፋን በሃምሳ ዓመታቸው እንደገና እናት ሆኑ።

መሥሪያ ቤቱም እንዲሁ አዲስ አሠራር ከውጭ ይመጣበት ነበር። በ2000 ዓ.ም. ገደማ ቢፒአር መጣ፤ ቀጥሎ ቢኤስሲ መጣ፤ በ2004 ዓ.ም. ደግሞ ካይዘን መጣ። አንዱ በመጣ ቁጥር ሠራተኛው አዳማ ሄዶ ይሠለጥናል፤ ቦርሳና እስክሪብቶ ይዞ ይመለሳል፤ ግድግዳው ላይም አዲስ ወረቀት ይለጠፋል። ቀበሌውም ስሙ ተለውጦ ከሌሎች ጋር ተደርቦ ወረዳ ሆነ። ወይዘሮ ዙፋን ሦስቱንም ሠልጥነዋል። አዲስ ነገር የሚጠሉ ሰው አልነበሩም። እውነቱን ለመናገር፣ ከቢፒአር በፊት የነዋሪነት ማረጋገጫ የሚፈልግ ሰው ሦስት ሳምንት ይመላለስ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ጠዋት የመጣ ከምሳ በፊት ይዞ ይሄዳል። «ይኼን ያሰበው ሰው የየትም አገር ይሁን፣ ወረፋ ቆሞ ያውቃል» ይሉ ነበር።

ካይዘን የጃፓኖች ነው። በፋብሪካ ውስጥ ሞክረው ያገኙት አሠራር ስለሆነ ፋብሪካ ላይ ይሠራል፤ መፍቻ ፍለጋ ግማሽ ቀን ማጥፋት እንደቀረ አቶ ወንድዬም ጡረታ ሊወጡ ሲሉ መስክረውለታል። የመጀመሪያው ደረጃ ማጣራት ይባላል። ለረጅም ጊዜ ያልተነካ ዕቃ ላይ ቀይ ካርድ ይለጠፋል፤ አንድ ወር ይጠበቃል፤ የሚፈልገው ከሌለ ይወገዳል።

አሠልጣኙ ወጣት መዝገብ ቤቱን ሲዞር አንዱ መደርደሪያ ጋ ቆመ።

«እትዬ ዙፋን፣ ይሄ ለመጨረሻ ጊዜ የተከፈተው መቼ ነው?»

«የሚከፈትበት ቀን ገና አልደረሰም።»

«ዘጠኝ ዓመት ካልተነካማ ቀይ ነው።»

«አንተስ የልደት ካርድህን በዘጠኝ ዓመት ስንቴ ነክተኸዋል?»

ሠራተኞቹ ሳቁ፤ አሠልጣኙም አብሮ ሳቀ። ቀዩ ካርድ ግን ተለጠፈ።

በዚያ መደርደሪያ ላይ የነበሩት በከተማው ዳር የነበሩት የገበሬ መንደሮች ወደ ከተማው ሲጠቃለሉ በካርቶን ተጭነው የመጡ የገበሬ ማኅበር ፋይሎች ናቸው። ቁጥራቸው ሁለት መቶ አሥራ አራት ነው። እያንዳንዱ ውስጥ የአንድ ገበሬ ስም፣ የማሳውና የቤቱ ልክ፣ ግብር የከፈለበት ደረሰኝ አለ። ወይዘሮ ዙፋን የሚሉት አንድ ነገር ነበር፤ መፍቻ የሚጠቅመው በየቀኑ ስለሚነካ ነው፣ ፋይል ግን ሃያ ዓመት ተኝቶ ለአንድ ቀን ነው የሚነሳው። ይህን በስብሰባ ላይ ተነስተው ቢናገሩ ኖሮ ምናልባት የሚሰማቸው ይገኝ ነበር። አልተናገሩም። መሥሪያ ቤቱ ለሞዴልነት እየተወዳደረ ነበር፤ ከውጭ አገር ልምድ ሊቀስሙ የሚመጡ እንግዶችም ቀን ተቆርጦላቸዋል። ኃላፊው «እትዬ ዙፋን፣ እርስዎ ካልፈረሙ ሁላችንም ወደቅን» አሏቸው። እርሳቸውም «የተወገደ» ከሚለው ቃል ሥር በዚያ ከሩቅ በሚነበበው ጽሑፋቸው ፈረሙ።

ፈረሙ እንጂ አላስወገዱም። ፋይሎቹን በዘንቢል እየከተቱ፣ ከላይ ጎመን እያለበሱ፣ በአሥራ አንድ ቀን ውስጥ ወደ ቤታቸው አጋዙ። ጎመኑን ቤተሰቡ አሥራ አንድ ቀን በላው። ፋይሉ በየማዳበሪያ ከረጢቱ ተሞልቶ ሥርጉት ከምትተኛበት አልጋ ሥር ገባ። እንግዶቹም መጥተው ባዶውን መደርደሪያ ፎቶ አነሱ፤ አጨበጨቡ፤ መሥሪያ ቤቱ አንደኛ ወጣ። ወይዘሮ ዙፋንም የምስጋና ወረቀት ተቀበሉ።

እንግዲህ መንግሥት ያዘዛቸው ነገር ሁሉ ተፈጽሟል፤ አንዲት ቅጠልም አልጠፋችም። ወይዘሮ ዙፋን በዚህ ራሳቸውን ሲያጽናኑ አንድ ዓመት አለፈ።

በ2005 ዓ.ም. በቂሊንጦ በኩል ለፋብሪካዎች ተጨማሪ ቦታ ተፈለገና ነባር ገበሬዎች ማስረጃ አቅርበው ምትክ ቦታ እንዲወስዱ ማስታወቂያ ወጣ። ፋይል ያለው በዝርዝሩ ይገባል፤ የሌለው እንደ ተከራይ ይቆጠርና ይነሳል። ዝርዝሩ የሚዘጋው ሚያዝያ 30 ነው። በመጋቢት የመጀመሪያው ማክሰኞ ወይዘሮ ዲንቄ ሰቦቃ ፋይላቸውን ሊጠይቁ መጡ። ባለቤታቸው አቶ ቃልቤሳ ካረፉ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል፤ ልጆቻቸው በየፋብሪካው ፈረቃ የሚሠሩ ናቸው። ወይዘሮ ዙፋን ስማቸውን ሲሰሙ ፋይሉ የት እንዳለ ያን ጊዜውኑ አወቁ፤ በሁለተኛው ከረጢት፣ በአልጋው ግርጌ በኩል።

«አለ» ቢሉ ከየት መጣ ይባላሉ። የማስወገጃው ቅጽ ላይ ያለው ፊርማ የራሳቸው ነው። የመንግሥት ሰነድ ከቢሮ ማሸሽ ደግሞ ሌላ ስም አለው። ጡረታቸው አንድ ዓመት ከመንፈቅ አልቀረውም፤ አቶ ወንድዬ በስኳር ሕመም ተኝተዋል፤ ማረሚያ ቤቱም ቢሆን ከቤታቸው ሩቅ አይደለም። ወይዘሮ ዙፋን «አልተገኘም» አሉ። ወይዘሮ ዲንቄ በቀጣዩ ማክሰኞ ተመለሱ። ከዚያም በቀጣዩ።

«ዙፋን፣ ዛሬስ?»

«አልተገኘም፣ እማማ ዲንቄ።»

«ማሳው እዛው አለ። እኔም አለሁ። ወረቀት ብቻውን እግር አውጥቶ የት ይሄዳል?»

«እየተፈለገ ነው።»

«ማነው የሚፈልገው?»

ወይዘሮ ዙፋን ቀጣዩን ተገልጋይ ጠሩ። ግድግዳው ላይ ተገልጋይ በአሥራ አምስት ደቂቃ እንደሚስተናገድ የሚገልጽ ወረቀት ተለጥፏል፤ ወይዘሮ ዲንቄም በየማክሰኞው በአሥራ አምስት ደቂቃ ውስጥ «አልተገኘም» ተብለው ይሸኙ ነበር። በወረቀቱ መሠረት የተጓደለ አገልግሎት የለም።

በሰባተኛው ማክሰኞ ወይዘሮ ዲንቄ መስኮቱ ላይ ክንዳቸውን አስደግፈው እንዲህ አሉ። «እኔ ማንበብ አልችልም። ግን ወረቀቴን አውቀዋለሁ። አራት ናት። አንዷ ጥጓ ላይ ዘይት ጠብ ብሎባታል፤ ቃልቤሳ ምሳ እየበላ ነበር የፈረመባት። ዘይት ያለባትን ፈልጊ፤ ሌላውን ተይው።»

በዚያው ቀን ወይዘሮ ዙፋን ራሴን አመመኝ ብለው ከሥራ በጊዜ ወጡ። በሠላሳ ሰባት ዓመት የመጀመሪያቸው ነው። ቤት እንደገቡ ሥርጉትን «አልጋውን አንሺ» አሏት። ሁለተኛውን ከረጢት ፈትተው መሬት ላይ ተቀምጠው አገላበጡ። ዘይቱ በቀኝ ጥግ ነበር፤ ወረቀቱ እዚያ ጋ ሳስቶ ብርሃን ያሳልፋል፤ ከሥሩ የአቶ ቃልቤሳ የጣት አሻራ አለ። ሥርጉት «ምንድን ነው እማዬ?» ብትላቸው «የሰው ቤት ነው» አሏት።

አቶ ወንድዬ ከአልጋቸው ሆነው ይሰሙ ነበር። «አንዷን ብቻ ሸጉጠሽ ውሰጃት» አሏቸው። «ከመደርደሪያ ኋላ ወድቃ አገኘኋት በያቸው። ማን ያያል?»

«የቀሩትስ?»

«የቀሩትን ማን ጠየቀሽ?»

«ገና ይጠይቁኛላ። ሁለት መቶ አሥራ ሦስት ሰው ማክሰኞ ማክሰኞ ላመላልስ?»

አቶ ወንድዬ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እንደዞሩም «ጋሪ ከፈለግሽ የጎረቤታችን የአደሴ ጋሪ ነገ ባዶ ነው» አሉ።

ረቡዕ ሚያዝያ 16 ቀን 2005 ዓ.ም. ጠዋት፣ ተገልጋይ በር ላይ ተሰልፎ ሳለ፣ ወይዘሮ ዙፋን ከረጢቶቹን በጋሪ አስጭነው በዋናው በር ገቡ። ጎመን አላለበሱም። ኃላፊው ከቢሯቸው ወጡ።

«እትዬ ዙፋን፣ ምንድን ነው ይሄ?»

«የተወገዱት ፋይሎች ናቸው።»

«ከተወገዱ እንዴት መጡ?»

«በጋሪ።»

በእጃቸውም ደብዳቤ ይዘዋል። ሁለት መቶ አሥራ አራት ፋይል በፈቃዳቸው ከመሥሪያ ቤቱ አውጥተው በቤታቸው ማስቀመጣቸውን፣ ያልተወገደውንም ተወግዷል ብለው መፈረማቸውን ይገልጻል፤ ለአራት የሥራ ክፍሎች ግልባጭ ተደርጓል። ኃላፊው አንብበው ጨረሱና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ግልባጩን ይተዉትና እኛው እንነጋገር» አሉ። ወይዘሮ ዙፋን «ቁጥር ወጥቶለታል» ብለው መለሱ። በመዝገብ ቤት ሕግ ቁጥር የወጣለት ደብዳቤ አይመለስም።

ከዚያ ወይዘሮ ዲንቄን አስጠርተው አራቱን ወረቀት መስኮቱ ላይ ዘረጉላቸው። «ተገኝቷል» አሉ። ወይዘሮ ዲንቄ ዘይቱን በጣታቸው ዳሰሱ፤ ወይዘሮ ዙፋንንም ለረጅም ጊዜ አዩዋቸው። ሚያዝያ 29 ቀን፣ ሊዘጋ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ስማቸው በዝርዝሩ ገባ። ዛሬ በተሰጣቸው ምትክ ቦታ ላይ ቤት ሠርተው ይኖራሉ። ከእርሳቸው በኋላም አሥራ ሰባት ሰዎች እነዚያኑ ፋይሎች ጠይቀው ወስደዋል፤ ጥያቄውም እስከ ዛሬ አልቆመም።

ወይዘሮ ዙፋን አልታሰሩም። ነገሩ ወደ ላይ ቢወጣ አንደኝነቱም አብሮ ይጠየቅ ስለነበር ማንም ሊያወጣው አልፈለገም። በዲሲፕሊን ከመዝገብ ቤት ተነስተው በር ላይ የወረፋ ቁጥር እንዲያድሉ ተደረገ። ቁልፉን ለሁለተኛ ጊዜ በፊርማ አስረከቡ። ከባድ ነበር። ቤት ሲመጡ እጃቸው ቁልፉ የነበረበትን ኪስ ይፈልግ ነበር። ለተገልጋዩ ግን ደኅና ነገር ሆነለት፤ የትኛው ቢሮ ምን እንደሚጠይቅ ገና በር ላይ ይነግሩታልና የማያስፈልገውን ወረፋ አይቆምም። ከቤይሩት በስልክ «እማዬ፣ አዋረዱሽ አይደል?» ብላ በላይነሽ ብትጠይቃቸው «የለም፣ ከሰው ጋር አገናኙኝ» ብለዋታል። ሐምሌ 1 ቀን 2006 ዓ.ም. በክብር ጡረታ ወጡ።

በ2007 ዓ.ም. አቶ ወንድዬ ካረፉ በኋላ ወይዘሮ ዙፋን ከልጃቸው ከአቢ ጋር ገላን ኮንዶሚኒየም መኖር ጀመሩ። እዚያም የሕንፃው ነዋሪዎች ማኅበር ጸሐፊ አደረጋቸውና ውኃ የጠፋበትን ቀን ሁሉ መመዝገብ ያዙ። የአባታቸው ደም ነው። ስለ ካይዘን ሲነሳ ሲሳደቡ የሰማቸው የለም። «ጃፓኖቹ ምን አደረጉ? እነሱ መፍቻ አሉ፤ እኛ ነን ሰውንም ከመፍቻው ጋር የደረደርን። እሱንም የሚያውቅ ሰው መሃላችን ነበር፤ ዝም አለ እንጂ» ይሉ ነበር። ዝም ያለው ሰው ማን እንደሆነ ግን አይጨምሩም።

በ2009 ዓ.ም. መጨረሻ የኩላሊት ሕመም ጀመራቸው። በሐኪም ቤትና በቤታቸው ሲረዱ ቆይተው ቅዳሜ ጥር 19 ቀን 2010 ዓ.ም. በተወለዱ በስልሳ አራት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። በታመሙባቸው ወራት ወይዘሮ ዲንቄ ወተት እየያዙ ይመጡ ነበር። ሁለቱ ስለ ዝናብ፣ ስለ ላምና ስለ ልጆች ያወራሉ፤ ስለ ፋይል አንድ ቀን አላነሱም። ወይዘሮ ዲንቄ ሲሄዱ ወይዘሮ ዙፋን በሩን ያዩ ነበር። አንዳንዴም «ዛሬ ልነግራት ነበር እኮ» ይላሉ፤ ምን ሊነግሯቸው እንደነበር ለሚጠይቃቸው ግን «ሌላ ጊዜ» ነው መልሳቸው።

ወይዘሮ ዙፋን ሳህሌ የሁለት ልጆች እናት፣ የአራት የልጅ ልጆች አያት ነበሩ። ልጃቸው በላይነሽ ፈቃድ አግኝታ ትናንት ከቤይሩት ገብታለች። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ወረፋ ሳያስጠብቅ ይቀበላት፤ ለልጆቻቸው፣ ለጎረቤቶቻቸውና በመስኮታቸው ላለፉት ሁሉ መጽናናትን ያድል። አሜን።

ይህ ጽሑፍ ማተሚያ ቤት ከመሄዱ በፊት ለወይዘሮ ዲንቄ ሰቦቃ በሥርጉት ተነብቦላቸዋል። መጨረሻው ላይ «ወይዘሮ ዲንቄም ከልብ ይቅር ብለዋቸው በሰላም ተለያይተዋል» የሚል ነበረበት። ወይዘሮ ዲንቄ እስከ መጨረሻው ሰምተው ያን እንድታወጣው ለሥርጉት ነገሯት። ሥርጉት፣ ይህን ሁሉ ወር ወተት ያመላለሱት ይቅር ብለዋቸው አይደለም ወይ ብትላቸው እንዲህ አሉ፤

«አንቺ ልጅ፣ ወተቱን ያመጣሁት ስላመማት ነው። ይቅርታውንማ መች ጠየቀችኝ?»